ዳገቱን አቅደን ቁልቁለቱን ረሳን

ጉዞው የተወጠነው ለእናቴ ሲባል ነው። «አንድ ቀን ደመናን ከበላዩ ሆኜ ባየሁት» ትል ነበር፤ አውሮፕላን ደግሞ አትደፍርም። ስለዚህ እስከ አናቱ በመኪና የሚወጣ የተራራ መንገድ መረጥንና እናቴን፣ ባለቤቴን፣ የ10 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ4 ዓመት ወንድሟን ይዤ በማለዳ ተነሣን። መንገዱ ከሜዳው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የተራራውን ማለፊያ በር ያልፍና በወዲያኛው ጎን 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ማደሪያ የያዝነው ከዚያ ከታች ነበር።

ከመነሣታችን በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የተነጋገርነው ስለ ዳገቱ ብቻ ነው። መኪናው ይችለው ይሆን? ሞተሩ ቢግልስ? ራዲያተሩን አስፈተሽኩ፣ የሞተር ዘይት አስቀየርኩ፣ ነዳጅ ሞላሁ፣ ባለቤቴም የብርድ ልብስ ደራርባ አዘጋጀች። «ስንወርድስ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። መውረድ እረፍት ሆኖ ነበር የታየን። በዚያ ቀን ያገኘን ችግር ግን ሁሉም ያገኘን አናቱን ካለፍን በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ቤተሰቡን ይዞ ተራራ ለመውጣት ያሰበ ሰው እኛ ያላሰብነውን አስቦ እንዲነሣ ነው።

ስለ መውጣቱ ብዙ የምለው የለኝም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አምስት ሰውና ሻንጣ ለጫነ መኪና ይህ ቀላል አይደለምና፣ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ እየረገጡ ከማስጨነቅ ቶሎ ወደ 3ኛ ወይም ወደ 2ኛ መመለስ ይሻላል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከወትሮው ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን ማጥፋት፣ የመኪናውን ማሞቂያ መክፈት፣ ደልዳላ ቦታ ሲገኝም ቆሞ ማብረድ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ አይነካም፤ ታምቆ የተያዘው የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከኋላችሁ መኪና ከተከማቸ ዳር ይዛችሁ አሳልፉ። እኔ አራት ጊዜ ያህል አሳልፌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለማይገፋኝ እንደ ልቤ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስንነሣ ልጆቹ በእጅጌ ጉርድ ነበሩ፤ አናቱ ላይ ስንደርስ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። ያ ሁሉ የብርድ ልብስ የነበረው ከሻንጣዎቹ ሁሉ ሥር ነው። ጃኬቱን ወንበር ላይ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

በሩ ላይ ስንደርስ ደመናው እውነትም ከበታቻችን ነበር። ሸለቆው ውስጥ ሞልቶ እንደ ወተት ተኝቷል፤ አልፎ አልፎ የሌላ ተራራ ጫፍ ብቅ ብሎበታል። እናቴ የአንገት ልብሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። «እማዬ፣ ደስ አለሽ?» አልኳት። «ዝም በል እስቲ፣ ልየው» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ቃል አልተነፈሰችም።

ሴት ልጄ በዚህ መሃል የብስኩቱን ከረጢት አውጥታ እንደ ፊኛ ተወጥሮ አገኘችው። «አባዬ፣ ማን ነፋው?» አለች። ማንም አልነፋውም፤ ከታች ሲታሸግ አብሮት የገባው አየር ነው፣ ውጭ ያለው ግፊት ሲቀንስለት ተለጥጦ የወጣው። ውሃ ጠጥታ የፕላስቲክ ጠርሙሷን አጥብቃ ከደነችውና ወንበሯ አጠገብ ሰካችው። ስለዚህ ጠርሙስ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አናቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። መነሣት ካለብን ጊዜ አሳልፈናል፤ እናቴን ከዚያ እይታ ማንቀሳቀስ ግን አልሆንልኝ አለ። መውረድ የጀመርነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው።

ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ ከኋላ ወንበር «ጠሽ» የሚል ድምፅ መጣ። ጠርሙሱ ነበር፤ ማንም ሳይነካው ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨራመተ። ልጄ ሳቀች። ወዲያው ትንሹ ልጄ ጆሮውን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው። ወደ ታች ስንወርድ የውጭው ግፊት ይጨምራል፣ ጠርሙሱ ውስጥና ከጆሮ ታምቡሩ በስተጀርባ ያለው አየር ግን የአናቱን ያህል ሳስቶ ይቀራል። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተከፍቶ አየር ካላስገባ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ያማል። የትንንሽ ልጆች ቱቦ ጠባብና ጋደም ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይከፈትም፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የእኔ ልጅ አፍንጫው የታፈነ ነበር፣ በዚያ ላይ ተኝቷል። የተኛ ሰው ምራቁን ብዙ አይውጥም፤ ቱቦውን የሚከፍተው ደግሞ መዋጥ ነው።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ቀስቅሷቸው። ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጧቸው፣ ለትልልቆቹ ማስቲካ ስጧቸው፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ ከመነሣታችሁ በፊት ሳታጠቡት ጠብቃችሁ መኪናውን ዳር አቁማችሁ በየመሃሉ አጥቡት። ሕፃን ለማጥባት ተብሎ በሚሄድ መኪና ውስጥ ከወንበሩ አይፈታም። እኛም በመጨረሻ ቆመን ባለቤቴ ውሃ አጠጣችው፤ አራት አምስት ጊዜ ከዋጠ በኋላ «ጆሮዬ ጧ አለ» ብሎ ጸጥ አለ።

በዚያው ፌርማታ ሴት ልጄ አስታወከች። ወደ ላይ ስንወጣ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ስለነበር ምንም አልሆነችም፤ ስንወርድ ግን ስልክ ሰጥተናት ነበር። ዓይኗ የማይንቀሳቀስ ነገር እያየ ውስጥ ጆሮዋ ደግሞ በየኩርባው መወዛወዟን ይነግራታል፤ አንጎል ይህ ግጭት ሲበዛበት የሚሰጠው መልስ ማቅለሽለሽ ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ስልክና መጽሐፍ ኩርባ ላይ መከልከል አለባቸው፤ ሩቅ እንዲያዩ የሚያደርግ ጨዋታ ይበልጣል። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ያመጣችው ጨዋታ ቀላል ነው፤ «የሚቀጥለው ኩርባ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» እያለች ልጅቷ ፊት ለፊት ባለው መስታወት አሻግራ መንገዱን እንድትከተል ታደርጋታለች። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነም የሚሠራው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሲወሰድ ነውና፣ ስለ ልጁ ዕድሜና ክብደት ፋርማሲስት ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ያዙ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሹፌሩ ፈጽሞ እንዳይወስዳቸው።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ሆዴን ቁርጥ ያደርገኛል።

ሽታው መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣ መሰለኝ። ፕላስቲክና ፀጉር አንድ ላይ እንደ ተቃጠለ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋች፤ ሽታው ግን አልቀረም። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ ከወትሮው በታች ወረደ፤ ሁልጊዜ የሚመልስልኝ ጥንካሬ ጠፍቶ ከእግሬ ሥር ስፖንጅ የተቀመጠ ያህል ለሰለሰ። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ግን ዘግይቶ። መሪውን ስጠመዝዝ የገደሉ ዳር ከምወደው በላይ ቀርቦ ታየኝ። እናቴ የበሩን መያዣ ጨብጣለች፤ ምንም አላለችም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአናቱ ጀምሮ በ4ኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳርፌ ነበር የመጣሁት። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገረመኝ። ከነጭነቱ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሞተሩ ካልያዘውና ነፋሱ ካልወሰደው ሙቀት ሆኖ አራቱ ጎማ ውስጥ ባሉት የፍሬን ሸራዎችና ሸራዎቹ ጨብጠው በሚያቆሟቸው ዲስኮች ላይ ያርፋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሙቀቱ እየዘለቀ ፍሬን ዘይቱ ጋ ከደረሰ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፤ ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ አረፋ ግን ይታመቃል። የእግሬ ጉልበት አረፋውን ለማመቅ ዋለ ማለት ነው።

ዘይቱ ቶሎ የፈላበት ምክንያትም ነበረው። ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠገበ ግን ልኩ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ብዙ የመኪና አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። የእኔ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። የሞተሩን ዘይት አስቀይሬ የፍሬኑን አለማሰቤ ያው ዳገቱን ብቻ ከማሰብ የመጣ ነው።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥ ለቀቅ ሳደርገው ትንሽ ጠንከር አለ። ማርሹን ወደ 3ኛ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ 2ኛ መለስኩት፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ተያዘ። ተራራውን ተጠግቶ ሰፋ ያለ ዳር እስኪመጣ በዚያው ማርሽ ወረድኩ። ቆሜ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ 1ኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ተውኩት፣ ባለቤቴ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ በፊት ጎማዎቹ ፊት ታኮ አደረገች። እጅ ፍሬኑን አልሳብኩትም፤ የጋለ ሸራ እንደ ተጨመቀ ሊጣበቅ ይችላል። ሴት ልጄ ውሃ ልናፈስበት እንደሚገባ ስትነግረኝ ከለከልኳት፤ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። መፍትሔው መጠበቅ ብቻ ነው። ሁላችንም መኪና በማያልፍበት ጎን ወርደን ከመንገዱ ራቅ ብለን ተቀመጥን።

አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ እናቴ አየችኝና «ልጄ፣ ቢመሽም ይምሽ። አትቸኩልብኝ» አለችኝ። ያ ንግግሯ ከምንም በላይ ረድቶኛል፤ ሠላሳ ደቂቃ ላይ ልነሣ አስቤ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የወረድኩበት መንገድ መጀመሪያውኑ መውረድ የነበረብኝ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ቀስ ብላችሁ ሳላችሁ፣ ከባድ ማርሽ አስገቡ፤ ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልጋችሁን ማርሽ ወይም አንድ ዝቅ ያለውን። ማርሹ ልክ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሳትነኩ ራሱን ይይዛል። አውቶማቲክ ከሆነ «ዲ» ላይ ትታችሁት አትውረዱ፤ «ኤል» ወይም «2» የሚል ወይም በእጅ ማርሽ መምረጫ አለው፣ ከመነሣታችሁ በፊት ደልዳላ መንገድ ላይ ሞክሩት። ፍሬን ሲያስፈልግ እግርን ማሳረፍ አይደለም፤ ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ወደ 30 ማውረድ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅና ሸራው አየር እንዲያገኝ መተው ነው። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ሰው አትስሙ። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ከዚያም ይብሳል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ቢል? ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽን በየደረጃው መመለስ፣ እጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሳብ ነው። በአንዳንድ የተራራ መንገዶች ላይ በጠጠር የተሞላ ሽቅብ የሚወጣ ማምለጫ መንገድ ይሠራል፤ ምልክቱን ስታዩ የት እንዳለ ልብ በሉ።

የመጨረሻውን ሲሶ የወረድነው በጨለማ ነው። ከላይ ገና ፀሐይ ነበር፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ተራራው ራሱ ፀሐይዋን ስለሚጋርድ ቀድሞ ይመሻል። ከዚያ አናቱ ላይ ሆነን ያደነቅነው ደመና ውስጥ ገባን፤ ከውስጡ ሲታይ ጉም ነው። ረጅሙን መብራት አበራሁ፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ተመለሰብኝ። በጉም ውስጥ አጭሩ መብራት ነው የሚያሳየው። ከታች የሚመጡ መኪኖች ጠባብ ቦታ ላይ ሲያጋጥሙኝ ቆሜ አሳለፍኳቸው፤ በብዙ አገሮች ደንብ ቅድሚያው የሚወጣው ነው፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ከባድ ስለሆነ።

በዓመቱ በዚያው መንገድ ሄድን። እናቴ ራሷ ናት «እንደገና» ያለችው። ፍሬን ዘይቱና የፊት ሸራዎቹ ተቀይረዋል። እናቴ የደም ግፊት ስላለባት አስቀድመን ሐኪሟን ጠየቅን፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማዞር ሊመጣ እንደሚችል፣ ከመጣም ዋናው መድኃኒት ወደ ታች መውረድ እንደሆነ ነገራት። ማደሪያውን ከታች መያዛችን ለዚህም ጥሩ ሆኖ ተገኘ። እሷ ፊት ተቀመጠች፣ ልጆቹ ከኋላ በየወንበራቸው፣ ባለቤቴ በመሃላቸው። የበሩን የልጆች ቁልፍ ዘጋን፤ መጀመሪያ ጊዜ ትንሹ ልጄ ገና ሳንቆም በሩን ሊከፍት ሞክሮ ነበር።

ለእይታ የምንቆመው ኩርባ ላይ ሳይሆን ለመቆሚያ ተብሎ በሰፋ ቦታ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ቀድማ ትወርድና የትንሹን እጅ ትይዛለች፤ የገደል አፍ ላይ ያለው ጠጠር የጸና ይመስላል እንጂ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። «እማማ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ይሁኑ» ትልና እናቴንም በሌላ እጇ ትይዛታለች። ለልጆቹ ፊት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀባን፤ ከፍታ ላይ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርድ ቢሆንም ቆዳ ይልጣል። ባለፈው የትንሹ አፍንጫ ተልጦ ሳምንት አሳክኮታል።

አናቱን የለቀቅነው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከመነሣታችን በፊት ትንሹን ቀሰቀስነው፣ ውሃውን በእጁ ያዘ። እኔ ገና ከመቆሚያው ሳልወጣ 2ኛ ማርሽ አስገባሁ። ሴት ልጄ ባዶ ጠርሙስ ከድና ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ በየኩርባው «ገና ነው»፣ «አሁን ጀመረ» እያለች አናቱ ላይ ክብ የነበረው ጎኑ ሲጎደጉድ ትነግረናለች፣ በነገረችን ቁጥር ወንድሟ አንድ ጉንጭ ውሃ ይውጣል።

ከታች ደርሰን ስንቆም ወርጄ መዳፌን ወደ ፊተኛው ጎማ አስጠጋሁ። ለብ ያለ ሙቀት ብቻ ነበር፤ ሽታ የለም። ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ ስማ» አለችኝና የጠርሙሱን ክዳን ላላ አደረገችው። አየር እየሳበ አፏጨ፣ ከዚያ ጎኑ ተመልሶ ሞላ።